የበርበሬ ዘርን ከመዝራት በፊት ስለ ማንቃት

በርበሬ ከገበሬው እጅ ወጥቶ ገበያ በደረሰ ጊዜ ነጋዴው የሚመረምረው የዛላውን ቅላት፣ ርዝመት፣ ድርቀትና የማቃጠል ኀይል ነው። አስተዳዳሪውም የሚያስቆጥረው ወደ መጋዘን የገባውን ኩንታልና ከእርሱ የሚገኘውን ግብር ነው። ሁለቱም የሚመለከቱት የሥራውን ፍጻሜ ነው። መጀመሪያው ግን ከብዙ ወራት በፊት፣ ስፋቱ አንድ ሜትር በሆነ የችግኝ መደብ ላይ፣ ሣር በለበሰ አፈር ውስጥ ተከናውኗል። በዚያ መደብ ላይ ዘሩ ፈጥኖና እኩል ከበቀለ ገበሬው ዝናቡን በተዘጋጀ ችግኝ ይቀበለዋል። ዘግይቶና ተበታትኖ ከበቀለ ግን ዝናቡ ይቀድመዋል፤ ዝናብም ማንንም አይጠብቅም።

የበርበሬ ዘር በመብቀል ረገድ ከሰነፎቹ ወገን የሚቆጠር ነው። ጤፍ በጥቂት ቀናት መሬቱን አረንጓዴ ሲያለብሰው፣ የበርበሬ ዘር ሳምንት አልፎት፣ አንዳንድ ጊዜም ሦስት ሳምንት ሞልቶት ከአፈር በላይ አይታይም። ከዚህም በላይ ከአንድ ዛላ የወጡ ፍሬዎች እንኳ በአንድ ቀን አይበቅሉም፤ አንዱ በስምንተኛው ቀን ብቅ ሲል ሌላው እስከ ሃያኛው ቀን ሊቆይ ይችላል። በርበሬ ወደ ማሳ የሚዛወረው አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 60 ቀን በመደብ ከቆየ በኋላ ስለሆነ፣ አሥር ቀን ዘግይቶ የበቀለው ችግኝ ከመደብ ዕድሜው አንድ አምስተኛ ያህሉን አጥቷል ማለት ነው። ገበሬው ትልቁንና ትንሹን አንድ ላይ ነቅሎ ቢተክል ትንሹ በማሳው ላይ ይጠወልጋል፤ ትንሹን ልጠብቅ ቢል ደግሞ ትልቁ በመደቡ ላይ ቀጥኖና ረዝሞ ይበላሻል።

ይህን ጉዳት የሚያቃልል፣ ብዙ ገንዘብም የማይጠይቅ አንድ ዘዴ አለ። ይኸውም ዘሩን ከመዝራት በፊት በተወሰነ መጠን ውኃ አጠጥቶ፣ ሥር ከማውጣቱ አስቀድሞ አቁሞ፣ በጥላ ሥር መልሶ ማድረቅ ነው። በሊቃውንት ዘንድ ስሙ ብዙ ነው፤ በአማርኛ «ዘር ማንቃት» ቢባል ግብሩን ይገልጸዋል። ዘዴው ቀላል ቢሆንም ልክ አለው። ልኩን ያልጠበቀ ሰው የራሱን ዘር ያጠፋል፤ የነቃውን ዘር ያለ ልኩ አከማችቶ የሚሸጥ ነጋዴ ደግሞ የሌላውን ሰው ዓመት ያጠፋል። ስለዚህ ነገሩ ገበሬውን ብቻ ሳይሆን ዘር የሚሸጠውንና ሻጩን የሚቆጣጠረውንም ይመለከታል።

ዘሩ የሚዘገይበት ምክንያት

የበርበሬ ፍሬ ጠፍጣፋ፣ ቢጫማና ቀላል ነው፤ በ1 ግራም ውስጥ 150 ያህል ፍሬ ይገኛል። በውስጡ ፅንሱ እንደ ቀለበት ተጠማዞ ተኝቷል። ፅንሱን የከበበው ስንቁን የያዘ ጠንካራ ክፍል ነው፤ ከዚያም በላይ የውጭው ሽፋን አለ። ውኃው ወደ ውስጥ ለመግባት እምብዛም አይቸገርም፤ የሚቸገረው ወደ ውጭ ለመውጣት የሚታገለው ሥር ነው። ሥሩ ያንን የስንቅ ክፍል በስቶ መውጣት አለበት፤ ክፍሉ ካልለሰለሰ ግን አይበሳም። የሚያለሰልሱትም ዘሩ ራሱ ውኃ ከጠጣ በኋላ የሚያመርታቸው ኢንዛይሞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ አገር በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ዋትኪንስና ካንትሊፍ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን የመከላከል ኀይል በመሣሪያ ለክተው፣ ሥሩ ከመውጣቱ በፊት ኀይሉ እየቀነሰ እንደሚሄድ፣ በቅዝቃዜ ጊዜ ግን ይህ የመለስለስ ሥራ እንደሚዘገይ አስረድተዋል።

የሙቀትን ነገር በቁጥር መመልከት ይጠቅማል። በካሊፎርኒያ የአትክልት ሊቃውንት ከብዙ ዘመን በፊት ያወጡት የታወቀ ሠንጠረዥ እንደሚያሳየው፣ በአፈር ውስጥ የተዘራ የበርበሬ ዘር ለመብቀል በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት 8 ቀን ያህል፣ በ20 ዲግሪ 13 ቀን ያህል፣ በ15 ዲግሪ ግን 25 ቀን ያህል ይፈጅበታል። አፈሩ 10 ዲግሪ ከሆነ ከነጭራሹ አይበቅልም፤ እስከ 40 ዲግሪ በጋለም ጊዜ እንዲሁ ነው።

ከዚህ እንደሚታየው የደጋ መደብና የቆላ መደብ ለአንድ ዘር ሁለት የተለያዩ አገሮች ናቸው። አሥመራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ሌሊቷ ቀዝቃዛ ነው፤ በዚህ ከፍታ በመደብ ላይ የተዘራውን በርበሬ ብርዱ ያቆየዋል። ወረድ ብሎ በከረንና በአንሰባ ወንዝ ዳር በመስኖ የሚዘራው በሙቀት ረገድ የተሻለ ዕድል አለው። ከዚያ ዝቅ ባለው በጠረፉ ቆላ ደግሞ የሚፈታተነው ብርዱ ሳይሆን የአፈሩ ግለትና የውኃው ጨዋማነት ነው። በሁሉም ስፍራ ግን በአፈር ውስጥ ብዙ ቀን የሚተኛ ዘር ለጠላት የተጋለጠ ነው፤ ጉንዳን ይወስደዋል፤ ሻጋታ ያበሰብሰዋል፤ የወጣውንም ደካማ ችግኝ ከአፈሩ ወለል ላይ አንገቱን አበስብሶ የሚጥል በሽታ ይጠብቀዋል።

የብቅል ሥራ እንደ ምሳሌ

ይህን ሥራ ለማስረዳት ከቤት የራቀ ምሳሌ አያስፈልግም። ጠላ የምትጠምቅ ሴት ገብሱን በውኃ ትዘፈዝፋለች፤ ካጠለለች በኋላ በቅጠል ሸፍና ታስቀምጠዋለች፤ ሲጎነቁል አውጥታ ታደርቀዋለች። እነሆ ብቅል ሆነ። ዘር የሚያነቃ ሰው የሚሠራው የዚህኑ ሥራ ግማሽ ነው። ጠማቂዋ ጉንቁሉን ትፈልገዋለች፤ ጉንቁሉ ሲደርቅ ገብሱ ቢሞትም ለእርሷ ጉዳት የለውም፤ የምትፈልገው ጠላውን እንጂ ቡቃያውን አይደለምና። ዘር የሚያነቃው ግን ሥሩ ሊወጣ አንድ እርምጃ ሲቀረው ሥራውን ያቆማል።

ደረቅ ዘር ውኃ ሲያገኝ ሦስት ደረጃዎችን ያልፋል። በመጀመሪያው ደረጃ ውኃውን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ፈጥኖ ይመጣል፤ ይህን የሞተ ዘርም ያደርገዋል። በሁለተኛው ደረጃ መጠጣቱን ሊያቆም ምንም ያህል አይቀረውም፤ ከላይ ሲያዩት ምንም የሚሠራ አይመስልም። በውስጡ ግን በክምችት ዘመኑ የደረሰበትን ጉዳት ይጠግናል፤ ኀይል የሚሰጡትን የሕዋስ ክፍሎች ያድሳል፤ የስንቁን ግድግዳ የሚያለሰልሱትን ኢንዛይሞች ያመርታል። በሦስተኛው ደረጃ ሥሩ ሽፋኑን በስቶ ይወጣል፤ ዘሩም እንደገና በብዛት መጠጣት ይጀምራል። ለበርበሬ ረጅሙና አሰልቺው ሁለተኛው ደረጃ ነው።

የማንቃት ጥበብ ሁሉ የተመሠረተው በሁለተኛውና በሦስተኛው ደረጃ መካከል ባለው ድንበር ላይ ነው። ሥሩ ከመውጣቱ በፊት ዘሩ መልሶ ቢደርቅ አይሞትም፤ የሠራውንም ሥራ አብዛኛውን ይዞ ይቆያል። በኋላ በመደብ ላይ ሲዘራ ሁለተኛውን ደረጃ እንደ አዲስ አይጀምረውም፤ ካቆመበት ይቀጥላል። ቀድሞ የነበረው የፍሬዎቹ ልዩነትም ስለሚጠብብ አበቃቀላቸው ይቀራረባል። ሥሩ ከወጣ በኋላ የደረቀ ዘር ግን እንደ ጠማቂዋ ገብስ ነው፤ ተመልሶ አይነሣም።

ከጥንት ጀምሮ የታየ ነገር

የዚህ ዕውቀት ሥር የቆየ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛውና በሦስተኛው መቶ ዓመት የነበረው የግሪክ ሊቅ ቴዎፍራስጦስ የኪያር ዘር በውኃ ወይም በወተት ተዘፍዝፎ ቢዘራ ፈጥኖ እንደሚበቅል ጽፏል።

ስለ በርበሬ ግን በተለይ ለባሕር ጠረፍ ሰው የሚያስደንቀው የእንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ የቻርልስ ዳርዊን ሙከራ ነው። ዳርዊን ዕፅዋት በባሕር ተሻግረው ከአንዱ ምድር ወደ ሌላው ሊደርሱ ይችሉ እንደ ሆነ ለማወቅ የልዩ ልዩ ዕፅዋትን ዘር በጨው ውኃ ውስጥ አኑሮ ይመረምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1857 ባሳተመው ጽሑፍ እንደ ገለጸው፣ 137 ቀን ያህል በጨው ውኃ ውስጥ ሊታገሡ የቻሉት ጥቂቶች ብቻ ነበሩ፤ ከእነርሱም በርበሬ የላቀ ሆኖ ተገኘ። ከ56 ፍሬዎች 30ው ይህን ሁሉ ጊዜ ቆይተው በመልካም ሁኔታ በቀሉ።

ዳርዊን ይህን ያደረገው ለገበሬ ብሎ አልነበረም። ይሁን እንጂ ምክንያቱ ለዛሬው ጉዳይ ቁልፍ ነው። ጨው የሟሟበት ውኃ በቀላሉ አይለቀቅም፤ ዘሩ ከእርሱ ለመራስ የሚበቃውን ያህል ይጠጣል፤ ሥር ለማውጣት የሚበቃውን ያህል ግን አያገኝም። ስለዚህ በሁለተኛው ደረጃ ላይ ተይዞ ይቆያል። ንጹሕ ውኃ ሲያገኝ ወዲያው ይበቅላል።

በሃያኛው መቶ ዓመት ሊቃውንት ይህን ጠባይ ሆን ብለው ለሥራ አዋሉት። እ.ኤ.አ. በ1963 ኤልስ የተባለ ተመራማሪ የበርበሬ ዘመድ የሆነውን የቲማቲምን ዘር በማዳበሪያ ጨው በተበጠበጠ ውኃ አርሶ አበቃቀሉ እንደ ፈጠነ አስታወቀ። በ1973 ደግሞ በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዋልተር ሃይዴከር ከባልደረቦቹ ጋር፣ ወደ ዘሩ ውስጥ ዘልቆ የማይገባውን ፖሊኤቲሊን ግላይኮል የተባለውን ንጥረ ነገር በውኃ አሟሙቶ ዘርን የማንቃት ዘዴ አሳወቀ፤ ከዚያ ወዲህ ዘዴው በመላው ዓለም በታላላቅ የዘር ኩባንያዎች ዘንድ የተለመደ ሆነ። በ1990ዎቹ ደግሞ ዴቪድ ሃሪስና የሥራ ጓደኞቹ በሕንድ አገር ዝናብ በሚያጥርባቸው አውራጃዎች ከገበሬዎች ጋር ሆነው፣ የበቆሎ፣ የሩዝና የሽምብራ ዘር ሌሊቱን በተራ ውኃ ውስጥ አድሮ ጧት ቢዘራ ቶሎ እንደሚበቅል በገበሬዎቹ ማሳ ላይ አሳዩ። ከዚህ በኋላ ነገሩ የኩባንያ ምሥጢር መሆኑ ቀርቶ ባልዲ ላለው ሰው ሁሉ የሚሆን ሥራ ሆነ።

የአሠራሩ መንገዶች

የመጀመሪያውና ርካሹ መንገድ ንጹሕ ውኃ ነው። ዘሩ በስስ ጨርቅ ተቋጥሮ፣ ለብ ባለ ክፍል ውስጥ፣ በመጠኑ አምስት እጥፍ በሆነ ውኃ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይዘፈዘፋል። ዘርም እንደ ሰው ይተነፍሳልና ውኃው በየጥቂት ሰዓቱ መለወጥ ወይም መናወጥ አለበት፤ በረጋ ውኃ ውስጥ ታፍኖ የቆየ ዘር ይበላሻል። ከዚያ በኋላ ዘሩ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ በስሱ ተዘርግቶ ነፋስ በሚነካው ጥላ ይደርቃል። በብረት ምጣድ ወይም በቀትር ፀሐይ ማድረቅ ፅንሱን ይገድላል። ማድረቁ ያበቃው ዘሩ ከመዘፍዘፉ በፊት ወደ ነበረው ክብደት ሲመለስ ነው፤ ስለዚህ አስቀድሞ መመዘን ይገባል። በዚያው ዕለት የሚዘራ ከሆነ ግን እጅ ላይ የማይጣበቅ እስኪሆን ድረስ ማንጠፍጠፍ ይበቃዋል።

ሁለተኛው መንገድ የጨው ውኃ ነው። በብዙ ሙከራዎች ላይ የዋለው መጠን በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 10 ግራም ያህል የገበታ ጨው ነው፤ ጊዜውም ከ24 እስከ 48 ሰዓት ነው። ጨው በምጽዋና በዓሰብ ጠረፍ ከባሕር ውኃ በፀሐይ እየተተነነ የሚመረት ስለሆነ በዋጋም በመገኘትም ረገድ ችግር የለበትም። የባሕር ውኃ እንዳለ መጠቀም ግን አይመከርም፤ በአንድ ሊትር የቀይ ባሕር ውኃ ውስጥ ያለው ጨው 40 ግራም ያህል ነውና መጠኑ ከሚፈለገው አራት እጥፍ ይሆናል። በጨው ውኃ የነቃ ዘር መዘፍዘፉ ሲያበቃ በደንብ መታጠብ አለበት። ይህ መንገድ አንድ ተጨማሪ ጥቅም እንዳለው በተለያዩ አገሮች በበርበሬ ላይ የተደረጉ ሙከራዎች አመልክተዋል፤ ጨዋማ በሆነ አፈር ወይም በጨዋማ የጕድጓድ ውኃ የሚያድገው ችግኝ ጨውን የመቋቋም ኀይሉ ከፍ ይላል። ይህም ለጠረፍ አገር እርሻ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ሦስተኛው መንገድ ፖታሲየም ናይትሬት ነው። ይህ ጨው ዘሩን ከመያዙም በላይ አዲስ ከዛላው በወጣ ዘር ላይ የሚታየውን እንቅልፍ ለመስበር ይረዳል። መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከ100 እጅ ከ1 እስከ 3 እጅ ነው። ነገር ግን ይኸው ንጥረ ነገር ለፈንጂ ሥራም ስለሚያገለግል ንግዱ በብዙ አገሮች በቁጥጥር ሥር ነው፤ ሊያስመጣው የሚያስብ ነጋዴ አስቀድሞ ፈቃዱን ማጣራት ይኖርበታል። ፖሊኤቲሊን ግላይኮልም በጣም ጥሩ ውጤት የሚሰጥ ቢሆንም፣ ውድ ከመሆኑም በላይ ውኃው ዝልግልግ ስለሚሆን አየር በቧንቧ ካልተነፋበት ዘሩን ያፍነዋል፤ ስለዚህ የኩባንያ እንጂ የገበሬ ሥራ አይደለም። ለገበሬ ከዚህ ይልቅ የሚቀርበው ዘሩን ታጥቦ በጥቂቱ ከራሰ አሸዋ ጋር ቀላቅሎ ለጥቂት ቀናት ማቆየት ነው፤ አሸዋው ውኃውን በጥቂት በጥቂቱ ይሰጠዋል፤ አየርም አይከለክለውም።

ከእነዚህ መንገዶች የትኛው ለየትኛው ዘር እንደሚሻል የሚወስነው ሙከራ ነው። ማረቆ ፋና የሚባለው ወፍራም ዛላ፣ ባኮ ሎካል የሚባለው ዓይነትና ሚጥሚጣ አንድ ጠባይ የላቸውም፤ የአምናና የዘንድሮ ዘርም እንዲሁ ይለያያል። ሙከራው ከባድ አይደለም፤ 100 የነቁና 100 ያልነቁ ፍሬዎች ቆጥሮ በሁለት እርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ አንድ ስፍራ ማኖርና በየቀኑ የበቀሉትን መቁጠር ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ መልሱ ይገኛል።

ዘዴው ሊያደርግ የማይችለው

ማንኛውም ጠቃሚ ነገር ከመጠን በላይ ሲመሰገን ጉዳት ያመጣል። ማንቃት የሞተን ዘር አያስነሣም፤ ሕይወት ያለውን ያፋጥናል እንጂ። በጠቅላላው የሚበቅለውን ዘር ቁጥር ጥቂት ሊጨምር ይችላል፤ ዋና ጥቅሙ ግን በፍጥነቱና በእኩልነቱ ነው። በመደብ ላይ የተገኘውም ብልጫ፣ በኋላ ማሳው ውኃና ማዳበሪያ ካላገኘ ወይም በሽታ ከገባበት፣ እስከ አዝመራ ድረስ ላይዘልቅ ይችላል።

በሽታም የራሱ ጉዳይ ነው። ቅጠልን የሚያነጥብና የሚያረግፍ የበርበሬ ባክቴሪያ ከዘር ጋር ይጓዛል። ከታመመ ማሳ የመጣ ዘር ከጤነኛው ጋር በአንድ ባልዲ ቢዘፈዘፍ ውኃው ለሁሉ ያዳርሰዋል። በዚህ የሚጠረጠር ዘር አስቀድሞ 52 ዲግሪ ሙቀት ባለው ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢቆይ ባክቴሪያው በብዛት ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ግን በመለኪያ መጠበቅ አለበት፤ ከፍ ካለ ዘሩን ይገድላል፤ ዝቅ ካለም ባክቴሪያውን አይነካውም። በፋብሪካ መድኃኒት የተቀባ ባለቀለም ዘር ደግሞ ፈጽሞ መዘፍዘፍ የለበትም፤ መድኃኒቱ ይታጠባል፤ ውኃውም መርዝ ይሆናል። እንዲህ ያለው ዘር ቢተርፍም ወደ በርበሬ ወፍጮ እንዳይሄድ ነጋዴው ብርቱ ጥንቃቄ ማድረግ አለበት።

ለዘር ነጋዴ

የነቃ ዘር እንደ ታሸገ ዕቃ የሚቀመጥ አይደለም። ጉዞውን የጀመረ ፅንስ ካልጀመረው ይልቅ በክምችት ፈጥኖ ያረጃል። ስለዚህ ዋናው ደንብ ዘሩን አቆይቶ አንቅቶ ቶሎ መዝራት እንጂ አንቅቶ ማቆየት አይደለም። ነጋዴው ዓመት ሙሉ ሊያከማች የሚገባው ያልነቃውን ደረቅ ዘር ነው፤ የሚነቃው የመደብ ወራት ሲቃረብ፣ በታዘዘው መጠን ብቻ ነው።

ስለ ክምችት ጄምስ ሃሪንግተን የተባለ የካሊፎርኒያ ሊቅ ያወጣው ቀላል ልኬት አለ። በዘሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ከመቶ አንድ እጅ በቀነሰ ቁጥር፣ ወይም የማከማቻው ሙቀት 5 ዲግሪ ያህል በቀነሰ ቁጥር፣ የዘሩ ዕድሜ እጥፍ ይሆናል። የምጽዋ አማካይ ሙቀት 30 ዲግሪ ያህል ሲሆን የአሥመራ ከ16 እስከ 17 ዲግሪ ነው። ሌላው ነገር ሁሉ እኩል ቢሆን እንኳ በደጋ የተከማቸ ዘር ዕድሜው በወደቡ መጋዘን ከተከማቸው ከአራት እጥፍ በላይ ይሆናል ማለት ነው፤ የባሕሩ እርጥበት ሲጨመርበት ልዩነቱ ከዚያም ይበልጣል። በመርከብ የመጣ ዘር በወደብ ላይ ወረቀቱ እስኪያልቅ የሚቆይባት እያንዳንዷ ሳምንት ከዘሩ ሕይወት የምትቀነስ ናት።

ብዙ ገበሬ ዘሩን የሚያገኘው ከገበያ ከተገዛ ዛላ ነው። ይህም ሌላ አደጋ አለበት። ክብደት ለመጨመር ሲባል ውኃ የተረጨበት ዛላ በውስጡ ይሻግታል፤ ሻጋታውም ለሰው ጤና የሚጐዳ መርዝ ከማፍራቱ በላይ የዘሩን ሕይወት ያጠፋል። በሚዛን ላይ ጥቂት ኪሎ የጨመረው ውኃ በሚቀጥለው ዓመት መደብን ባዶ ያደርጋል፤ ጉዳቱም ዞሮ ወደዚያው ነጋዴ ይመለሳል፤ የሚገዛው በርበሬ አይኖርምና።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የእምነት ነገር ነው። ነቅቶ የደረቀ ዘር ለዓይን ካልነቃው አይለይም። ገዢው በእጁ አፍሶ ቢያየው፣ በጥርሱ ቢሰብረው ሊያውቀው አይችልም። ሻጩ ያልነቃውን ነቅቷል ብሎ በውድ ሊሸጠው ይችላል፤ የከረመውንም የነቃ ዘር አዲስ ነው ብሎ ሊሸጠው ይችላል። ገበሬው ማታለሉን የሚያውቀው በሦስተኛው ሳምንት በመደቡ ላይ ነው፤ በዚያ ጊዜ ገንዘቡን ቢያስመልስ እንኳ ወራቱን የሚመልስለት ሰው የለም። ስለዚህ ዘሩ የነቃበት ቀን፣ የነቃበት መንገድና መዘራት ያለበት የመጨረሻ ቀን በከረጢቱ ላይ ሊጻፍ ይገባል። ይህን የሚጽፍ ነጋዴ ለጊዜው ጥቂት ደንበኛ ቢያጣ በሁለተኛው ዓመት ብዙ ያገኛል።

ለአስተዳዳሪ

የዘርን ሕይወት ለመመርመር ዓለም አቀፉ የዘር ምርመራ ማኅበር የደነገገው ሥርዐት አለ። ለበርበሬ 400 ፍሬ ተቆጥሮ፣ በ20ና በ30 ዲግሪ መካከል በሚለዋወጥ ሙቀት ውስጥ ይቀመጣል፤ የመጀመሪያው ቆጠራ በ7ኛው ቀን፣ የመጨረሻው በ14ኛው ቀን ይደረጋል። ለገዢ የሚነገረው ዘወትር የመጨረሻው ቁጥር ነው። ነገር ግን የዘሩን ጉልበት የሚገልጸው የመጀመሪያው ነው። ሁለት ከረጢት ዘር አለ እንበል፤ በ14ኛው ቀን ሁለቱም ከመቶ 85 በቅለዋል። በ7ኛው ቀን ግን የአንደኛው 60፣ የሁለተኛው 15 ብቻ በቅለው ነበር። በወረቀት ላይ ሁለቱ እኩል ናቸው፤ ቀዝቃዛ መደብ ላይ ሲዘሩ ግን አንደኛው ችግኝ ይሆናል፤ ሁለተኛው ክርክር ይሆናል። ሁለቱም ቁጥሮች እንዲጻፉ የሚያዝዝ የግብርና ሹም በትንሽ ቀለም ብዙ ክርክር ያስቀራል።

የሒሳቡም ነገር ግልጽ ነው። በርበሬ በመስመርና በመስመር መካከል 70፣ በችግኝና በችግኝ መካከል 30 ሴንቲሜትር ርቀት ቢተከል ለአንድ ሄክታር 47,600 ያህል ችግኝ ያስፈልጋል። ዘሩ ሁሉ ቢበቅልና ቢጸድቅ ለዚህ 320 ግራም ያህል ይበቃል፤ ከመቶ 60ው ብቻ ለመተከል የሚበቃ ችግኝ ቢሆን ግን 530 ግራም ያህል ይጠይቃል። ገበሬው ከራሱ ዛላ በሚያወጣው ዘር ይህ ልዩነት ቀላል ሊመስል ይችላል፤ በፍሬ እየተቆጠረ በሚሸጠው የውጭ ዲቃላ ዘር ግን ልዩነቱ የውጭ ምንዛሪ ነው። በሁለቱም በኩል ደግሞ ከዘሩ ዋጋ የሚበልጠው የጊዜው ዋጋ ነው፤ ችግኙ ሳይደርስ ዝናቡ ከጀመረ የሚጠፋው ግራም ሳይሆን ኩንታል ነው።

ይህን ለማስተማር ታላቅ ጣቢያ ማቋቋም አያስፈልግም። በአንድ ወረዳ የሕዝብ መተላለፊያ በሆነ ስፍራ ሁለት መደብ ጎን ለጎን ማዘጋጀት ይበቃል፤ በአንደኛው የነቃ፣ በሁለተኛው ያልነቃ ዘር ከአንድ ከረጢት ተከፍሎ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰው እጅ ይዘራል። በየመደቡ ራስ የተዘራበት ቀን በሰሌዳ ይጻፋል። ወደ ገበያ የሚወርድና የሚወጣ ሁሉ በየሳምንቱ እያየ ራሱ ይፈርዳል፤ ዘዴው በዚያ አገር ካልጠቀመም ሰሌዳው ያንኑ በግልጽ ይናገራል። የችግኝ መደብን ውኃ የሚያጠጡት በብዙ ቤት ሴቶች ስለሆኑ፣ ብቅልንም ከማንም ይልቅ የሚያውቁት እነርሱ ስለሆኑ፣ ትምህርቱ አስቀድሞ ለእነርሱ ቢሰጥ ቶሎ ይሰራጫል።

በአጭሩ፣ ባልዲ፣ ስስ ጨርቅ፣ ሚዛን፣ ጥቂት ጨውና ጥላ በየመንደሩ የማይታጡ ነገሮች ናቸው። ከገበሬው የሚፈለገው ሰዓቱን መጠበቅ ነው፤ ከነጋዴው የሚፈለገው ቀኑን በከረጢቱ ላይ መጻፍ ነው፤ ከአስተዳዳሪውም የሚፈለገው የተጻፈው ቀን እውነት መሆኑን ማስመርመር ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ዘሩ ቢነቃም ገበሬው ይተኛል።